ድፍረትም ልምምድ ይፈልጋል፦ ስለ ዳያን ናሽ ለወጣቶች

ልጆቼ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በጥብቅና ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ፀጉሬ የሸበተው አሜሪካ ውስጥ የእኛን ሰው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሥራና የቤት ኪራይ ጉዳይ ይዤ ፍርድ ቤት ስመላለስ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከወጣቶች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ይሄ ነገር ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ማን ነኝና ምን አመጣለሁ?» አንዳንዱ ተናዶ ይጠይቀኛል፤ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ። መልሱን ከመስበክ የአንዲት ተማሪን ታሪክ ብነግራችሁ ይሻላል። ስሟ ዳያን ናሽ ነው።

ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወይዘሮ ዳያን በ1938 የተወለዱ፣ ልንቆምላቸው የሚገባ ትልቅ ሰው ናቸው። ስለዚያች የ21 ዓመት ተማሪ ስጽፍ ግን «እሷ» ማለት ይቀናኛልና ይቅር ይበሉኝ።

ዳያን የቺካጎ ልጅ ናት። መጀመሪያ ዋሽንግተን ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ1959 ደግሞ ናሽቪል፣ ቴኔሲ ወደሚገኘው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። ፊስክ ባርነት በቀረ ማግስት፣ በ1866፣ ለጥቁሮች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ቺካጎ ውስጥ መድሎ አልነበረም ማለት አይደለም። በደቡብ ግን መድሎው ሕግ ሆኖ፣ በሰሌዳ ተጽፎ፣ በር ላይ ተለጥፎ ነበር።

አንድ ቀን ከጓደኛዋ ጋር ወደ ቴኔሲ ግዛት ዓመታዊ ባዛር ሄደች። መጸዳጃ ቤት ስትፈልግ በሮቹ ላይ ሁለት ጽሑፍ አየች። አንዱ «ነጭ ሴቶች» ይላል፤ ሌላው «ባለቀለም ሴቶች»፣ ጥቁሮች ማለቱ ነው። ወሬውን ከዚያ በፊትም ሰምታለች። በዓይን አይቶ በሩን ገፍቶ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ውርደቱ አንጀቷ ድረስ ዘለቀ። መሃል ከተማ ስትወጣም ያው ነው። ጥቁሮች ከትልልቆቹ መደብሮች ልብስና ጫማ መግዛት ይችላሉ። መደብሩ ውስጥ ካለው ባንኮኒ ምግብ ገዝተው ይዘው መውጣትም ይችላሉ። ባንኮኒው ፊት ተቀምጦ መብላት ግን ክልክል ነው። በምሳ ሰዓት የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ሲበሉ ታያቸው ነበር። ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ምሳቸውን አስፋልት ዳር።

ታዲያ ምን አደረገች? ሰው መፈለግ ጀመረች። ግቢ ውስጥ ያገኘችውን ሁሉ «ይህን ነገር ለመለወጥ የሚሠራ ሰው ታውቃላችሁ?» እያለች ጠየቀች። ብዙዎቹ ጉዳዬም አላሉት። በመጨረሻ ለልውውጥ ትምህርት ፊስክ የመጣ አንድ ነጭ ተማሪ ጠቆማት። አንድ ቄስ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በየሳምንቱ ማታ ሥልጠና ይሰጣሉ አላት። ሄደች።

ይህችን ትንሽ ነገር ዘላችሁ እንዳታልፏት እፈልጋለሁ። ዳያን ምንም አልፈጠረችም፤ ማኅበር አላቋቋመችም። ቀድሞ የተጀመረ ሥራ ፈልጋ ገባችበት። ዛሬ ብዙ ጎበዝ ወጣት አውቃለሁ፤ ነገር ሲያናድደው ወዲያው አዲስ ገጽ ከፍቶ፣ ስምና ሎጎ አውጥቶ በሦስተኛው ወር ብቻውን የሚቀር። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ጉዳይ ዓመታት የለፉ ሰዎች አሉ። ማንም ጎራ ብሎ አልጠየቃቸውም።

አሠልጣኙ ቄስ ጄምስ ላውሰን ይባላሉ። ለኮሪያ ጦርነት አልዘምትም ብለው ታስረዋል። ከእስር ወጥተው ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሕንድ ልካቸው የጋንዲን የትግል መንገድ እዚያው አጥንተዋል። ያኔ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሥነ መለኮት ይማሩ ነበር። ሥልጠናው ክላርክ ሜሞሪያል በሚባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር።

ምን ይሠሩ እንደነበር ልንገራችሁ። አንዱ ተማሪ ባንኮኒ ፊት እንደተቀመጠ ቆጥሮ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሌሎቹ ነጭ ጎረምሶች ሆነው ይከቡታል። ይሰድቡታል። የሲጋራ ጭስ ፊቱ ላይ ያቦኑበታል። ፀጉሩን ይጎትቱታል፤ ገፍተው ከወንበሩ ይጥሉታል። እሱ አፉን ለስድብ አይከፍትም፤ እጁንም አያነሳም። ሲወድቅ ጭንቅላቱንና ሆዱን እንዴት እንደሚሸፍን ይለማመዳል። ጓደኛው ሲደበደብ መሃል ገብቶ ዱላውን እንዴት እንደሚካፈል ይለማመዳል። ከዚያ ሁሉም ይቀመጡና ይነጋገራሉ። የቱ ላይ ደምህ ፈላ? የቱ ላይ ልትማታ ደረስክ? በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ከመጀመሪያው።

ይህ ለወራት ነበር። ካሜራ የለ፣ ጋዜጠኛ የለ፣ የሚያጨበጭብ የለ።

ዳያን ደግሞ መጀመሪያ አላመነችበትም። ሳይማቱ ማሸነፍ ይቻላል የሚለው አልዋጥ ብሏት ነበር። የቆየችው ሌላ የሚሠራ ሰው ስላላገኘች እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። እምነቱ የመጣው ውላ አድራ፣ እየሠራች ነው። እናንተም ልባችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪያምን ብትጠብቁ ጊዜው ጥሏችሁ ይሄዳል። እየተጠራጠራችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ግቡና እዚያው ጠይቁ።

በኖቬምበርና በዲሴምበር 1959 ትንንሽ ቡድን እየሆኑ ሃርቪስና ኬይን-ስሎን የሚባሉ መደብሮች ገቡ። ዕቃ ገዙ፣ ባንኮኒ ፊት ተቀመጡ፣ አናስተናግድም ተባሉ። ኃላፊውን በትሕትና «ለምን?» ብለው ጠይቀው ወጡ። ያኔ የሄዱት ለማጥናት ነበር። ማን ምን ይላል? ፖሊስ ይጠራሉ ወይ? ይህን ሁሉ ሰበሰቡ። እኔም በሙያዬ የማውቀው ይህንኑ ነው፤ ማስረጃ ሳይሰበሰብ ክስ አይከፈትም።

ገና ሲዘጋጁ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ፣ አራት ተማሪዎች ዉልዎርዝ መደብር ገብተው ባንኮኒው ፊት ተቀመጡ። ዜናው አገሩን አዳረሰ። የናሽቪል ልጆች ግን ዝግጅቱ ስለነበራቸው በ13ኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በረዶ ጥሎ ሳለ፣ 124 ሆነው ወጡ። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። መጽሐፍ ይዘዋል። በሦስት መደብሮች ባንኮኒ ፊት ተደርድረው ማጥናት ጀመሩ።

ዳያን ያን ቀን ስታስታውስ፣ አስተናጋጆቹ ከድንጋጤ ብዛት ሳህን በሳህን ላይ እየጣሉ ይሰብሩ እንደነበር ትናገራለች። ልጆቹ ሊስቁ ደረሱ። ግን አልሳቁም፤ ሕግ አላቸው። ከመካከላቸው ጆን ሉዊስና በርናርድ ላፋየት ደንብ ጽፈው አባዝተው ለሁሉም አድለው ነበር። ቢመቱህ አትማታ፤ ቢሰድቡህ አትስደብ። ጮክ ብለህ አትሳቅ። መሪህ ሳይፈቅድልህ ከመቀመጫህ አትነሳ። የመደብሩ መግቢያ ላይ ቆመህ መንገድ አትዝጋ። ሁልጊዜ ተግባቢና ጨዋ ሁን። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፤ ፊትህን ወደ ባንኮኒው አድርግ። ይህ ደንብ ዛሬ በናሽቪል ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ለሰብዓዊ መብት ትግሉ በተሰየመው ክፍል ውስጥ ይገኛል። ያኔ የነበረውን የሚያስታውስ ባንኮኒ ሠርተውለታል፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታነቡታላችሁ። በዚያ አገር የምትኖሩ፣ ወይም በዚያ የምታልፉ፣ ገብታችሁ እዩት።

«ጮክ ብለህ አትሳቅ» የሚለውን ሳነብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ለዚህ ያህል ነገር እንኳ አስበዋል። አንድ ልጅ ቢስቅ በማግስቱ ጋዜጣው «ለቀልድ ነው የመጡት» እንደሚል ገብቷቸዋል። ክብራቸውን ማንም እንዲነካው አልፈለጉም።

ቁጥሩ በየሳምንቱ ጨመረ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን ግን ነገሩ ከረረ። ጎረምሶች መጥተው ልጆቹን ከወንበር እየጎተቱ ደበደቡ። የሲጋራ እሳት ጀርባቸው ላይ ያጠፉ ነበሩ። ፖሊስ መጣና የተመቱትን አሰረ። 81 ተማሪዎች ታሰሩ፤ ከደብዳቢዎቹ አንድም አልተያዘም። ፖሊስ አንዱን ቡድን ይዞ ሲወጣ ሌላው ቡድን በእርጋታ ገብቶ ባዶውን ወንበር ሞላ። እሱ ሲወሰድ ሦስተኛው ገባ። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የታቀደ ነው። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ ሳይቀር ተጽፎ ነበር።

አሁን ስለ ፍርሃት ላውራችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝም ስለ እሱ ነው።

ተማሪዎቹ ዳያንን ሊቀ መንበር አድርገው መረጧት። እሷ ግን አልደፈር ብሏት ነበር። ክፍል ተቀምጣ ስትማር መዳፏ በላብ ይርስ ነበር። እኛ ልጆች ነን፣ የምንገጥመው ግን ዳኛውን፣ ከንቲባውን፣ ባለሀብቱን ነው፤ ምን ውስጥ ነው የገባሁት? እያለች ታስብ ነበር። ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ መደብር ውስጥ ሳለች ጎረምሶች እሷ ናት፣ መያዝ ያለባት እሷ ናት ሲባባሉ ሰማች። በድንጋጤ ደረቀች። ለራሷ ጥቂት ደቂቃ ሰጠች። ወይ ይህን ፍርሃት አሸንፌ ሥራዬን እቀጥላለሁ፣ ወይ ደውዬ ሊቀ መንበርነቱን እለቃለሁ አለች። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ራሷን አረጋጋች። ቀጠለች።

ጀግና አይፈራም ብለው ያሳደጉን ሰዎች አሉ። እኔ አላምንበትም። ችሎት ፊት ሊቆም ሲል እጁ የማይንቀጠቀጥ ወጣት ጠበቃ አላየሁም። የተዘጋጀው ግን እጁ እየተንቀጠቀጠም ፋይሉን ገልጦ ይጀምራል። ዳያን በዚያች ቅጽበት የምትይዘው ነገር ነበራት። የወራት ልምምድ ነበራት። አጠገቧ ያሉት ልጆች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለች። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ እግሯ ባልጸና ነበር ብዬ አስባለሁ።

ፍርድ ቤት ቀረቡ። የቆሙላቸው ጠበቃ አሌክሳንደር ሉቢ፣ ከካሪቢያን የመጡ አንቱ የተባሉ ጥቁር የሕግ ሰው፣ የከተማው ምክር ቤት አባልም ነበሩ። እሳቸው ሲከራከሩ ዳኛው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ያመኛል። ለሕግ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ተማሪዎቹ ጥፋተኛ ተባሉ፤ እያንዳንዳቸው 50 ዶላር ቅጣት ተወሰነባቸው።

ዳያን ተነስታ ተናገረች። ይህን ቅጣት ብንከፍል እኛን ያሰረንንና የፈረደብንን ግፍ መደገፍ ይሆናል፣ ስለዚህ አንከፍልም፣ እስር ቤት እንገባለን አለች። ሌሎችም ተከተሏት። ይህ ድንገት የመጣ ወኔ አልነበረም፤ ስልት ነበር። ቅጣት ከከፈልክ ለከተማው ገቢ ነህ። ከታሰርክ ግን ወጪ ነህ፣ ጥያቄም ነህ።

ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ሕዝብ ለፋሲካ ከመሃል ከተማ መግዛት አቆመ። ነጋዴው ጨነቀው። አንድ ኮሚቴ ባንኮኒውን ለሁለት ከፍለን ግማሹን ለሁሉም እንክፈት አለ። ተማሪዎቹ አይሆንም አሉ። ከመካከል የተሠራ ግድግዳ ያው ግድግዳ ነው። እዚህ ላይ የልጆቹን ብስለት አደንቃለሁ። ከዚያ ሁሉ እስርና ዱላ በኋላ በግማሽ ድል መርካት ቀላል ነበር።

አፕሪል 19 ቀን 1960፣ ገና ሳይነጋ፣ የጠበቃ ሉቢ ቤት በቦምብ ተመታ። እሳቸውና ባለቤታቸው በተዓምር ተረፉ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሜሃሪ ሕክምና ኮሌጅ መስኮቶች ረገፉ። በዚያው ቀን ከ3,000 የማያንስ ሰው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተጓዘ። መፈክር የለም፣ ዘፈን የለም። የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነበር።

ከንቲባው ቤን ዌስት ደረጃው ላይ ወጥተው ጠበቋቸው። መጀመሪያ ቄስ ሲ. ቲ. ቪቪያን ከንቲባውን በጽኑ የሚወቅስ ጽሑፍ አነበቡ። ከንቲባው ተቆጡ፤ ክርክር ሆነ። ነገሩ በጭቅጭቅ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ያኔ ዳያን ቀረብ ብላ ጠየቀቻቸው። ሰውን በዘሩ ወይም በቀለሙ ብቻ ለይቶ መበደል ስህተት ነው ብለው ያምናሉ?

ከንቲባው የሚያመልጡበት በር አልነበረም። አዎ፣ ስህተት ነው አሉ። ለአንድ ሰው ዕቃ ሸጦ ምግብ መከልከል በግብረ ገብ ትክክል ነው ማለት አልችልም አሉ። በኋላ ሲጠየቁ፣ ያ ጥያቄ እንደ ፖለቲከኛ ሳይሆን እንደ ሰው የሚመለስ ጥያቄ ነበር ብለዋል። በማግስቱ ጋዜጣው ከንቲባው ባንኮኒዎቹ ይከፈቱ ማለታቸውን አወጣ። በዚሁ ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግ ፊስክ መጥተው፣ እኔ የመጣሁት ላበረታታችሁ ሳይሆን ከእናንተ ብርታት ልወስድ ነው ብለው ተናገሩ። ሜይ 10 ቀን ስድስት የመሃል ከተማ መደብሮች ባንኮኒያቸውን ለጥቁር ደንበኞች ከፈቱ።

ያቺን ጥያቄ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። እኛ ጠበቆች ምስክር ስንጠይቅ የምንደክመው ለእንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ነው። አጭር ናት። ስድብ የለባትም። ሰውዬውን ከሹመቱ አውርዳ ከኅሊናው ጋር ታፋጥጠዋለች። ደግሞም መልስ የሚሆን ቦታ ትተውለታለች። ዳያን ከንቲባውን ማዋረድ ብትፈልግ በዚያ ቀን ሺህ ሰው ያጨበጭብላት ነበር። እሷ የፈለገችው ግን ባንኮኒው እንዲከፈት ነው። ዛሬ በስልካችን የምንጽፈውን አስቡት። ስንቱ ነው መልስ ለማግኘት የተጻፈ? ስንቱስ ሰውን አዋርዶ የጓደኛን ላይክ ለመሰብሰብ? እናንተ ውስጥ ያለው ቁጣ እውነተኛ ነው፣ አከብረዋለሁ። እባካችሁ ለርካሽ ነገር አታውሉት።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኔ ከመጀመሪያውም ይበልጣል። በዲሴምበር 1960 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከግዛት ወደ ግዛት በሚሄዱ አውቶቡሶች መናኸሪያ ውስጥ መንገደኛን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ነበር። ደቡብ ግን ከነገሩ ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ሆኖ ቀጠለ። ሜይ 4 ቀን 1961፣ 13 ጥቁርና ነጭ ሰዎች ይህን ሊፈትኑ ከዋሽንግተን በአውቶቡስ ተነሱ። የነፃነት ተጓዦች ይባላሉ። ሜይ 14 ቀን አላባማ፣ አኒስተን አጠገብ አንዱ አውቶቡስ ተቃጠለ። በርሚንግሃም የደረሱት ክፉኛ ተደበደቡ። አዘጋጆቹ ጉዞው እዚህ ላይ ይብቃ አሉ።

ናሽቪል ውስጥ ዳያንና ጓደኞቿ ተሰብስበው መከሩ። ዱላ ጉዞውን ካስቆመ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ትግል በዱላ ማስቆም እንደሚቻል ይማራሉ አሉ። እንቀጥላለን ብለው ወሰኑ። ዳያን በርሚንግሃም ላሉት ቄስ ፍሬድ ሻትልስዎርዝ ደወለች። እሳቸውም ተጓዦቹ እዚህ ሊሞቱ ምንም እንዳልቀራቸው ታውቂያለሽ ወይ አሏት። ለዚህ ነው የምንመጣው አለቻቸው። ስልኩ ይጠለፋል ብለው ስለጠረጠሩ ስለ ተጓዦቹ ሲያወሩ ስለ ዶሮ ጭነት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

የመንግሥት ሰዎች ተደናገጡ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ረዳት ጆን ሲገንታለር ደውለው ሰው ታስገድያለሽ ብለው ጮሁባት። እሷ በረጋ ድምፅ መለሰችላቸው። ጌታዬ፣ ልጆቹ ትናንት ማታ ሁሉም ኑዛዜያቸውን ፈርመዋል አለች። አንዳንዶቹ ሞተው ቢቀሩ ለቤተሰብ እንድትልክ የታሸገ ደብዳቤ ትተውላት ነበር።

በዚያ ጉዞ ዳያን አውቶቡሱ ላይ አልነበረችም። ስልክ ላይ ነበረች። ማን ተሳፈረ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ቆሰለ፣ ማን ይተካው፣ ጋዜጠኛውን ማን ያናግር፣ ፍትሕ ሚኒስቴርን ማን ይጥራ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ነው። የበርሚንግሃም ፖሊስ አዛዥ ቡል ኮነር ልጆቹን ይዞ በሌሊት ወስዶ የቴኔሲ ድንበር ላይ ሲጥላቸው፣ አንድ የጥቁር ሽማግሌዎች ቤት ተጠግተው የደወሉት ለእሷ ነው። መኪና ላከችላቸው። ልጆቹ ታዲያ ወደ ቤት አልተመለሱም፤ ወደ በርሚንግሃም ተመለሱ። ሞንትጎመሪ ላይ እንደገና ተደበደቡ። ሌሎች መጡ። በዚያ ክረምት ሚሲሲፒ፣ ጃክሰን ላይ ብቻ ከ300 በላይ ተጓዦች ታሰሩ። በመጨረሻ የፌዴራሉ መንግሥት በሴፕቴምበር አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከኖቬምበር 1 ቀን 1961 ጀምሮ «ለነጭ»፣ «ለባለቀለም» የሚሉት ሰሌዳዎች ከመናኸሪያዎቹ እንዲወርዱ ተደረገ።

ስልክ የያዘ ሰው ፎቶ ላይ አይወጣም። ሥራው ግን እዚያ ነው ያለው። ከእናንተ መካከል በሰው ፊት መናገር የሚከብደው፣ ዝምተኛው፣ ስም ዝርዝር በጥንቃቄ የሚይዘው፣ ሒሳብ የሚወደው ልጅ ይህን ይስማኝ። አንተን ወይም አንቺን የማይፈልግ ትግል አላየሁም። የሚቸግረን ተናጋሪ አይደለም፤ ሌሊት ሲደወል ስልክ የሚያነሳ ነው።

በ1962 ዳያን ሚሲሲፒ ውስጥ ተከሰሰች። ወንጀሏ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሰላማዊ ትግል ማስተማሯ ነው። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። የሁለት ዓመት እስር ይጠብቃት ነበር። ይግባኙን ትታ እጇን ሰጠች። ሚሲሲፒ ውስጥ የሚወለድ ጥቁር ሕፃን ሁሉ እስር ቤት ነው የሚወለደው፣ የእኔም እዚያ ይወለድ የሚል ሐሳብ ጽፋ አወጣች። ፍርድ ቤቱ ደግሞ የዚህን ጉድ ዜና ፈራ። በመጨረሻ ችሎት ውስጥ በነጮች በኩል ተቀምጣ አልነሳም በማለቷ ለ10 ቀን ብቻ አሰሯት።

ለዚህ ሁሉ የከፈለችውን አልደብቃችሁም። ትምህርቷን ፊስክ ላይ አቋርጣለች። እኔ ለእናንተ ትምህርታችሁን ጣሉ አልልም። ወላጆቻችሁ ታክሲ እየነዱ፣ ሆቴል እያጸዱ እንደሚያስተምሯችሁ አውቃለሁ። እሷ ያን ጊዜ በገባት ልክ ወሰነች፤ አከብርላታለሁ። እናንተ ሁለቱንም የምትይዙበት መንገድ ካለ ያዙት። በናሽቪልም ብዙዎቹ መማሪያቸውን ይዘው ነው የተቀመጡት።

በሴፕቴምበር 1963 በርሚንግሃም ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ላይ በተጣለ ቦምብ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። ለዚህ መልስ እንዲሆን ዳያንና ባለቤቷ ጄምስ ቤቭል የአላባማን ጥቁር ሕዝብ የመምረጥ መብት ለማስከበር አንድ ዕቅድ አወጡ። ያ ዕቅድ በ1965 አላባማ ውስጥ ሴልማ በምትባል ከተማ ወደተደረገው የመምረጥ መብት ሰልፍ አደረሰ። በኦገስት 6 ቀን 1965 የመምረጥ መብት ሕግ ጸደቀ።

በዚሁ ዓመት፣ ኦክቶበር 3 ቀን፣ አዲሱ የኢሚግሬሽን ሕግ ተፈረመ። በአሜሪካ ላለነው ሐበሾች ይህ የራሳችን ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ኮታው በትውልድ አገር ሲሰላ ለኢትዮጵያ በዓመት የሚደርሳት 100 ሰው ነበር። ያ አድሎ የወደቀው የጥቁር አሜሪካውያን ትግል አገሪቱን በፍትሕ ጥያቄ ባናወጠበት ሰዓት ነው። የእኔ ደንበኞች ፋይል፣ የእናንተ ወላጆች ግሪን ካርድ፣ ከዚያ መንገድ የመጣ ነው። ጥቁር አሜሪካውያንን ከሩቅ እያየን፣ እኛ ሌላ ነን የምንል ሰዎች በመካከላችን አሉ። በግልጽ እናገራለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። በልጆቻችን ላይም ያስተዛዝበናል።

ወይዘሮ ዳያን ዕድሜ ሰጥቷቸው በ2022 የአሜሪካ ትልቁን የሲቪል ሜዳልያ ከፕሬዚዳንት ባይደን ተሸልመዋል። በ2015 ደግሞ የሴልማ ሰልፍ 50ኛ ዓመት ሲከበር እዚያው ሄደው ሳለ አልሰለፍም አሉ። ጆርጅ ቡሽ ከፊት መሰለፋቸውን አይተው ነው። የእኛ ትግል ሰላማዊ ነው፣ እኚህ ሰው ደግሞ የጦርነት ሰው ናቸው አሉ። ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸው፣ በካሜራ ፊት፣ ያችው ልጅ ነበሩ። በንግግራቸው ሁሉ ወጣቶችን አንድ ነገር ይመክራሉ። እንደ ኪንግ ያለ መሪ ይምጣልን ብላችሁ አትጠብቁ፤ እኔ ምን ልሥራ በሉ ይላሉ።

እንግዲህ ከየት እንጀምር ለምትሉኝ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሩ። የሚያንገበግባችሁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። በከተማችሁ በዚያ ጉዳይ ላይ ማን እንደሚሠራ ጠይቁ፤ የተከራዮች ማኅበር ሊሆን ይችላል፣ የስደተኞች መርጃ ቢሮ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ ስብሰባ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ኮሚቴ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ ስሙ። ከዚያ ማንም የማይፈልገውን ሥራ ለምኑ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ስልክ መደወል፣ ለእናቶች መተርጎም። አንድ ጓደኛችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። የሕግ ጥያቄ ሲኖራችሁ ደግሞ ሰነዳችሁን አዘጋጅታችሁ ጻፉልኝ፤ በቻልኩት ሁሉ እመልሳለሁ።